የሰፈርን የጋራ አትክልት ቦታ ለዊልቸር ተጠቃሚ ምቹ ማድረጊያ መመሪያ

በአራዳ፣ በልደታና በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የጋራ አትክልት ቦታ ያላቸው ነዋሪዎች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያቀርቡልኛል፦ «ዊልቸር የሚጠቀም ጎረቤት አለን፤ መደቡን ምን ያህል ከፍ እናድርገው?» መልሱ አጭር ነው፤ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ይህን መልስ ብቻ ይዘው የሄዱ ሰዎች ግን ያማረ መደብ ሠርተው፣ ጎረቤታቸው የበሩን ደፍ ማለፍ አቅቶት ከውጭ ሲያያቸው አግኝቻቸዋለሁ። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከመደቡ አይጀምርም። ከአስፋልቱ ዳር ተነሥቶ በበሩ፣ በመንገዱና በመወጣጫው በኩል ወደ መደቡና ወደ ውሃው ይሄዳል፤ ገንዘብዎም በዚሁ ቅደም ተከተል ቢወጣ ይሻላል። ገንዘቡ መንገዱን ሠርቶ ቢያልቅ ጎረቤትዎ ቢያንስ ገብቶ ዘር ሊለቅም፣ ችግኝ ሊያፈላና ሊመክር ይችላል፤ መደቡን ሠርቶ ቢያልቅ ግን ምንም አያገኝም።

ከመጀመርዎ በፊት

ቦታው የጋራ መኖሪያ ሕንጻ ግቢ ከሆነ የባለንብረቶች ማኅበሩን የጽሑፍ ስምምነት፣ የመንግሥት ይዞታ ከሆነ ደግሞ የወረዳውን ፈቃድ ይያዙ። አርማታ የፈሰሰበት ሥራ እንደ ጆንያ ተክል ተነሥቶ አይዘዋወርም።

የቁፋሮና የአርማታ ሥራ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ቢያልቅ ይመረጣል። የበልግ ዝናብ ከገባ በኋላ የተቆፈረው ጉድጓድ ውሃ ይይዛል፤ እርጥብ ጭቃ ላይ የተጠቀጠቀ ድልድልም በቀጣዩ በጋ ይሰምጣል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ሜትር፣ ሲባጎ፣ ችካል፣ ውሃ ልክ፣ ርዝመቱ በትክክል 120 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ጣውላ
- ዶማ፣ አካፋ፣ የእጅ ጋሪ፣ መጠቅጠቂያ
- ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ዜሮ ሁለት የሚባለው ጠጠር፣ ለድልድል የሚሆን ሰሌክት (ሲጠቀጠቅ የሚጠብቅ የአፈርና የጠጠር ድብልቅ)
- ባለ 15 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት፤ ለጠረጴዛ መደብ የብረት ቱቦና ላሜራ
- ለመወጣጫ መያዣ የሚሆን ክብ የብረት ቱቦ
- ውሃ ማጠራቀሚያ (ሮቶ ወይም የምግብ ዘይት የነበረበት በርሜል) እና በመዳፍ ተገፍቶ የሚከፈት የቧንቧ መክፈቻ
- አፈር፣ የበሰለ ኮምፖስት፣ ሬድ አሽ የሚባለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር

ብረትና በርሜል ከምናለሽ ተራ ሲገዙ በርሜሉ ቀድሞ ምን እንደያዘ ይጠይቁ፤ ቀለም፣ የሞተር ዘይት ወይም ኬሚካል የነበረበትን ለአትክልት ውሃ አይግዙ።

1. ተጠቃሚውን ይጋብዙና ወንበሩን ይለኩ

የሚለኩት የሚመጣውን ሰው ወንበር ነው። በአብዛኛው የእጅ ዊልቸር ከጎማ ጎማ ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ጎማውን የሚገፋው እጅ በየጎኑ ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል። በእጅ የሚዘወረው ባለ ሦስት ጎማ ግን ከዚህ የረዘመ ስለሆነ ለመዞር እጅግ ሰፊ ቦታ ይጠይቃል። ከተማችን ውስጥ ይህን የሚጠቀሙ ብዙ ሰዎች ስላሉ ለዊልቸር የወጣ ልክ ይበቃቸዋል ብለው አይገምቱ።

አራት ነገሮችን ይመዝግቡ፦ የወንበሩን ስፋት፣ ርዝመቱን፣ ተጠቃሚው ተቀምጦ ጉልበቱ ከመሬት ያለውን ከፍታ፣ ጎኑን ወደ መደቡ አድርጎ ሳይጎነበስ እጁ የሚደርስበትን ርቀት። የመጨረሻው ልክ ከሰው ሰው በጣም ይለያያል፤ የመደቡን ስፋት የሚወስነውም እርሱ ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎች «እኔ ተቀምጬ አያለሁ፣ እናንተ ሥሩ» ሊሉ ይችላሉ፤ ይህን እንደ እምቢታ አይቁጠሩት፣ ልኩን ብቻ ይውሰዱ። መንገዱ ሲያልቅ ቃሪያ ለመቅጠፍ ማን ቀድሞ እንደሚመጣ ያያሉ።

2. ከአስፋልት እስከ መደቡ ያለውን መንገድ አብረው ይሂዱ

ተጠቃሚው ከታክሲ ወይም ከመኪና ከሚወርድበት ቦታ ይነሡና እያንዳንዱን እንቅፋት በኖራ ምልክት ያድርጉ። ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ቀጥ ያለ ደፍ ሁሉ ይመዝገብ፤ የዊልቸር የፊት ጎማዎች ትንንሽ በመሆናቸው እግረኛ የማያስተውለው ከፍታ ላይ ይቆማሉ፣ ወንበሩ ሲቆም ሰውዬው ወደ ፊት ይወረወራል። ባዶ ዊልቸር እየገፉ መፈተሽ አይበቃም፤ ክብደት የሌለው ወንበር ሰው የተቀመጠበት የማያልፈውን ያልፋል።

በዚህ ጉዞ ሁለት ነገሮች በብዛት ይገኛሉ። አንደኛው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ነው። ክዳኑ የብረት ፍርግርግ ከሆነ ክፍተቱ ከ1.3 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ፣ ዘንጎቹም ከጉዞው አቅጣጫ ጋር መስቀለኛ እንዲሆኑ ያድርጉ፤ ወደ ጉዞው አቅጣጫ ከተዘረጉ የፊት ጎማው ገብቶ ይነከሳል። ሁለተኛው ኮብልስቶን ነው። በኮብልስቶን ላይ መሄድ ይቻላል፣ ነገር ግን ንዝረቱ የአከርካሪ ጉዳት ላለበት ሰው ጡንቻን ሊያኮማትርና ሕመም ሊቀሰቅስ ይችላል። ክፍተቱን በሲሚንቶ መሙላት ብቻ ድንጋዩን ለጥ አያደርገውም፤ የሚሻለው ከኮብልስቶኑ ላይ 120 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መስመር አንሥቶ በአርማታ መተካት ነው።

3. ተዳፋቱን በጣውላና በውሃ ልክ ይለኩ

ከአራት ኪሎና ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው በመሐል አዲስ አበባ ለጥ ያለ ቦታ ማግኘት ከባድ መሆኑን ያውቃል። ዓይን ግን ይሸነግላል፤ ለእግረኛ «ትንሽ ዘንበል ያለ» የሚመስለው በክንድ ኃይል ለሚወጣ ሰው ዳገት ነው።

120 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ጣውላ ወደ ቁልቁለቱ አቅጣጫ መሬት ላይ ያስቀምጡና ውሃ ልኩን ከላዩ ያኑሩ። የውሃው አረፋ መሐል እስኪገባ ድረስ የታችኛውን ጫፍ ከፍ ያድርጉ፤ ከዚያም ከጫፉ እስከ መሬት ያለውን ክፍተት ይለኩ።

- ክፍተቱ 6 ሴንቲ ሜትር ወይም ያነሰ ከሆነ ተዳፋቱ 1 ለ20 ወይም የቀለለ ነው፤ እንደ ተራ መንገድ ሊያገለግል ይችላል።
- ከ6 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ መያዣ ያለው መወጣጫ ሆኖ መሠራት አለበት።
- ከ10 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ተዳፋቱ ከ1 ለ12 የከበደ ነው፤ መሬቱ መቆረጥ ወይም መንገዱ ጠመዝማዛ መሆን ይኖርበታል።

ጣውላውን ከመንገዱ ጋር አግድም አድርገውም ይለኩ። ወደ ጎን ያለው ዝንባሌ በዚህ ጣውላ ከ2.4 ሴንቲ ሜትር ማለትም ከ2 በመቶ መብለጥ የለበትም። ወደ ጎን የሚያዘነብል መንገድ ወንበሩን ያለማቋረጥ ወደ ታች ይስበዋል፤ ተጠቃሚውም በአንድ እጁ ብቻ እየታገለ ይሄዳል።

4. በሩን ያስተካክሉ

የግቢዎቻችን የቆርቆሮና የላሜራ በሮች አብዛኞቹ በትልቁ በር ላይ የተቆረጠ ትንሽ የሰው መግቢያ አላቸው፤ ያም መግቢያ እግር ተነሥቶ የሚሻገረው የብረት ደፍ አለው። ለዊልቸር ይህ ግድግዳ ነው። ደፉን ብየዳ ሠራተኛ ይቁረጠው፤ ይሁን እንጂ ደፉ የበሩ ወገብ ስለሆነ ሲቆረጥ በሩ እንዳይጣመም ከላይና ከጎን ማጠናከሪያ ብረት ይበየድ። ይህ ካልተቻለ ትልቁ በር በቀላሉ እንዲከፈት ማጠፊያውንና ከሥሩ ያለውን ጎማ ያሳድሱ።

የሚያልፉበት ጥርት ያለ ክፍተት ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ የሚለካውም በሩ ተከፍቶ ባለበት ነው። መቀርቀሪያውን ከመሬት ከ90 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ያድርጉት። ከበሩ ፊትና ኋላ 150 በ150 ሴንቲ ሜትር ለጥ ያለ ቦታ ይተዉ፤ ሰውዬው በሩን ሲስብ ወንበሩ ወደ ኋላ መሸሽ አለበት፣ ቆሞ የሚጠብቅበት ቦታ ተዳፋት ከሆነ ደግሞ አንድ እጁ ጎማውን ለመያዝ ይታገትበታል።

5. መንገዱን ይሥሩ

ዋናው መንገድ 120 ሴንቲ ሜትር ይስፋ። ሁለት ዊልቸሮች ወይም ዊልቸርና የእጅ ጋሪ በሚተላለፉበት ቦታ 180 ያድርጉት። መንገዱ በሚያልቅበትና በሚታጠፍበት ቦታ ሁሉ 150 በ150 የሆነ መዞሪያ ያስፈልጋል፤ መዞሪያ የሌለው መንገድ ጫፍ ላይ የደረሰ ሰው የኋሊት ለመመለስ ይገደዳል።

አፈሩን ይመርምሩ። በበጋ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ የሚፈጥር ጥቁር አፈር ከሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፣ በላዩ የፈሰሰውንም አርማታ ይሰብራል። እንዲህ ያለውን ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር ቆፍረው ያውጡ፤ ቀይ አፈር ከሆነ 25 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ጉድጓዱን በሰሌክት ይሙሉ፣ ግን በአንድ ጊዜ አይድፉት። በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ውሃ እያርከፈከፉ ይጠቅጥቁ፤ መጠቅጠቂያው የሚያጠብቀው የላይኛውን ንብርብር ብቻ ስለሆነ በአንድ ጊዜ የተደፋ ድልድል ከሥሩ ልል ሆኖ ይቀራል።

በላዩ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አርማታ ያፍስሱ፤ ልኩ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ አራት እጅ ጠጠር ነው። 10 ሜትር ርዝመትና 120 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው መንገድ 50 ኪሎ ግራም የሚይዙ ወደ 8 ከረጢት ሲሚንቶ ይፈጃል። በየ1.5 ሜትሩ መቆራረጫ መስመር ይተዉ፤ አርማታው ሲኮማተር በዘፈቀደ ሳይሆን በመስመሩ እንዲሰነጠቅ ያደርገዋል። ፊቱን በመለሰኛ አያለስልሱት። ሳይደርቅ በመጥረጊያ ከጉዞው አቅጣጫ አግድም ይጥረጉት፤ ይህ ሻካራ ፊት በክረምት ጎማው እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ከዚያም በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው ለ7 ቀን ውሃ ያጠጡት።

አቅም ካነሰ ከጠጠር መፍጫ የሚወጣውን ደቃቅ ብናኝ እያርከፈከፉ አጥብቀው ጠቅጥቀው መጠቀም ይቻላል፤ በየዓመቱ ከክረምት በኋላ ግን መታደስ አለበት። ልቅ ጠጠር፣ ልቅ ሬድ አሽ፣ አሸዋና ሣር በምንም ምክንያት አይሆኑም፤ የፊት ጎማው ይሰምጥባቸዋል።

6. መወጣጫ ካስፈለገ

የከፍታው ልዩነት በ12 ሲባዛ የመወጣጫው አነስተኛ ርዝመት ይገኛል። 15 ሴንቲ ሜትር ለመውጣት 1.8 ሜትር፣ 45 ሴንቲ ሜትር ለመውጣት 5.4 ሜትር ያስፈልጋል። ከታችና ከላይ 1.5 ሜትር ለጥ ያለ ማረፊያ ሲጨመር ሁለተኛው 8.4 ሜትር ቦታ ይይዛል፤ ቦታው ካልበቃ መሐል ላይ ማረፊያ አድርገው ያጥፉት። በ12 ፈንታ በ20 ማባዛት ከቻሉ ሰውዬው ገፊ ሳይፈልግ ብቻውን ይወጣል፤ እኔ ቦታ በተገኘ ቁጥር ይህኛውን እመርጣለሁ።

በሁለቱም ጎን ከ85 እስከ 95 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ መያዣ ያድርጉ፤ በመያዣዎቹ መካከል ቢያንስ 100 ሴንቲ ሜትር ይተዉ። ጠርዙ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ግድብ ያስፈልጋል፤ ጎማ እንዳይወጣ የሚከለክለው እርሱ ነው፣ መያዣው አይደለም።

7. መደቦቹን ይሥሩ

ሁለት ዓይነት መደብ አለ፤ የሚቻል ከሆነ ሁለቱንም ይሥሩ።

የመጀመሪያው ተጠቃሚው ጎኑን አዙሮ የሚሠራበት የብሎኬት መደብ ነው። ብሎኬት 20 ሴንቲ ሜትር ቁመት ስላለው ሦስት ረድፍ ሲደረደር የሚፈለገው 60 ሴንቲ ሜትር ይገኛል። ስፋቱ ከአንድ ጎን ብቻ የሚደረስ ከሆነ ከ60፣ ከሁለቱም ጎን የሚደረስ ከሆነ ከ120 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። ይህ ልክ የሚቆጠረው ከውጭኛው የግድግዳ ፊት ነው! ባለ 20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ከተጠቀሙ ከ120ው ላይ ግድግዳው 40 ይወስድና ለአትክልት የሚቀረው 80 ብቻ ይሆናል፤ ባለ 15ቱ 90 ያስቀርልዎታል። ከታችኛው ረድፍ በየሜትሩ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ይተዉ፣ የሚወጣው ውሃ ግን ወደ መንገዱ እንዳይፈስ ቦይ ያብጁለት። ታቹን 20 ሴንቲ ሜትር በሬድ አሽ፣ ላዩን በሁለት እጅ አፈርና በአንድ እጅ ኮምፖስት ይሙሉ። የግድግዳውን ራስ በሲሚንቶ ለስነው ጠርዙን ክብ ያድርጉት፤ ክንድ ቀኑን ሙሉ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

ሁለተኛው ጉልበት ከሥሩ የሚገባበት የጠረጴዛ መደብ ነው። ፊት ለፊት ሆኖ መሥራት ወገብን ማዞር ስለሚያስቀር ለብዙ ሰው ይህ ይሻላል፤ አሠራሩ ግን አንድ ችግር አለበት። ለጉልበት 70 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ከተተወና በላዩ 20 ሴንቲ ሜትር አፈር ከተደረገ የአፈሩ ፊት 90 ላይ ይደርሳል፤ ይህ ለተቀመጠ ሰው ደረቱ ጋ ስለሆነ ትከሻውን ያዝለዋል። መፍትሔው የሳጥኑን ወለል አዘንብሎ መሥራት ነው፦ ከፊት 12፣ ከኋላ 25 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው። እንዲህ ሲሆን የፊቱ ጠርዝ ከ82 እስከ 85 ላይ ይቀራል። የጉልበቱ ክፍተት 80 ሴንቲ ሜትር ይስፋ፣ ወደ ውስጥም 50 ይግባ። ከፊት ሰላጣና በሶብላ፣ ከኋላ ቃሪያና ሥሩ የሚጠልቀውን ይትከሉ።

የዕፅዋት ምርጫ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት በጎመን ነው። ጎመን ከሥር ከሥሩ ሲቀጠፍ እየረዘመ ከአንድ ሜትር ያልፋል፤ በ60 ሴንቲ ሜትር መደብ ላይ ሲሆን ቅጠሉ ከተቀመጠ ሰው ራስ በላይ ይሆናል። ጎመንንና ቲማቲምን ከመንገዱ ዳር በ30 ሴንቲ ሜትር መደብ ወይም በጆንያ ይትከሉ። ከፍ ያለውን መደብ ለካሮት፣ ለቀይ ሥር፣ ለቆስጣና ለሽንኩርት ይተዉት።

8. ውሃውን ያቅርቡ

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ማጠራቀሚያ የግድ ነው። በርሜሉን 80 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ ጠንካራ መሠረት ላይ ያኑሩትና መክፈቻውን ከታች ያስገጥሙት፤ መክፈቻው ከመሬት ከ80 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲሆን ከሥሩ ዕቃ ይገባል። የሚጠመዘዝ መክፈቻ ጣት ለሚደክመው ሰው አይሆንም። ከመክፈቻው ፊት 150 በ150 ደረቅ ወለልና የፍሳሽ ቦይ ያድርጉ፤ አለዚያ ሁልጊዜ ጭቃ ይሆናል። የውሃ ጎማ በመንገዱ ላይ አቋርጦ አይዘርጉ። ክዳኑ የተበሳ ባለ 2 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ከማጠጫ ባልዲ ይቀላል፣ ጭን ላይም ይቀመጣል።

9. መሣሪያና ጥላ

የመኮትኮቻውን እጀታ እንደ ተጠቃሚው ክንድ ቆርጠው በአሮጌ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ይጠቅልሉት። መሣሪያው የሚሰቀልበት ቦታ ከ50 እስከ 110 ሴንቲ ሜትር ከፍታ መካከል ይሁን። ቡና የሚፈላበትና ሰው የሚቀመጥበት ጥላ ካለ ከወንበሮቹ መካከል 90 በ130 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይተዉ፤ ዊልቸሩ ዳር ላይ ብቻውን እንዳይቆም።

ማስጠንቀቂያ

የአከርካሪ ጉዳት ያለበት ሰው እግሩ ላይ ሙቀት ወይም ቁስል ላይሰማው ይችላል። የከተማችን የቀትር ፀሐይ ያጋለው ላሜራ ሳይታወቅ ቆዳ ሊያቃጥል ስለሚችል የጠረጴዛ መደብ ሥር በጣውላ ይሸፈን፤ የሽቦ ጫፍ፣ ምስማርና የብየዳ ስለት ሁሉ ይሞረድ።

እርጥብ አፈር ከባድ ነው። አንድ ሜትር በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የጠረጴዛ መደብ ውሃ ሲጠጣ ወደ 190 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ይህ ሁሉ ክብደት የሚያርፈውም ከሥሩ ከተቀመጠው ሰው ጉልበት በላይ ነው። ቀጭን ብረት አይጠቀሙ፣ እግሮቹን በአርማታ ይትከሉ። የተሞላ በርሜልም 200 ኪሎ ግራም ስለሚደርስ በድንጋይ ክምር ላይ አይቀመጥም።

የጋራ መኖሪያ ግቢ ሲቆፍሩ የፍሳሽ መስመርና የኤሌክትሪክ ገመድ ሊያጋጥም ስለሚችል በእጅ፣ ቀስ ብለው ይቆፍሩ። የማንሆል ክዳን ላይ መደብ አይገንቡ። አጥሩ ቡጌንቪሊያ ከሆነ የተከረከመው እሾህ በዕለቱ ይጠረግ፤ የዊልቸር ጎማ በእሾህ ከተነፈሰ ሰውዬው ባለበት ይቀራል።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

ልኩን ከመጠናቀቁ በፊት መውሰድ አንዱ ነው፤ ልስኑና ወለሉ ሲጨመር 90 የነበረው በር 86 ይሆናል። በሁለት መደቦች መካከል 120 ትቶ በኋላ መንገዱ ላይ ጆንያና ችግኝ መደርደርም የተለመደ ነው፤ የመንገዱን ጠርዝ ቀለም ቀብተው «ከዚህ አይለፍ» የሚል ስምምነት ያድርጉ። መወጣጫውን ሠርተው ከታቹ 3 ሴንቲ ሜትር ደፍ የሚተዉም አሉ። ይህ የሚሆነው አርማታው ቀድሞ ፈስሶ የግቢው ወለል በኋላ ሲቆረጥ ስለሆነ ወለሉን አስቀድመው ይጨርሱ።

10. ይፈትሹ፣ ከዚያ ይጠብቁ

ሥራው ሲያልቅ ተጠቃሚው ያለ እርዳታ ከመንገድ ገብቶ፣ ውሃ ቀድቶ፣ አንድ መደብ አጠጥቶ፣ ዞሮ እንዲወጣ ይጠይቁት። እርስዎ እጅዎን ኋላ አድርገው ይመልከቱ። የቆመበትንና ወደ ኋላ የተመለሰበትን ቦታ ሁሉ ይመዝግቡ፤ ለመርዳት ከተጣደፉ ስሕተቱን አያዩትም። ሁለተኛውን ፍተሻ ሐምሌ ውስጥ፣ ከዝናብ በኋላ ያድርጉ፤ ውሃ የሚተኛበትን ቦታ በኖራ ከብበው ጥቅምት ላይ ይሙሉት። አረንጓዴ ሽበት የያዘውን አርማታ በሽቦ ብሩሽ ይፈግፍጉት፤ የመያዣዎቹንም ብሎን በዚያው ቀን ያጥብቁ።